ሁለት ቦታ የተሸረፈ ክብ

ክብ መሥራት እንጀራዬ ነው። ሚዛን ተፈሪ ውስጥ፣ ከገበያው ወደ ላይ በሚወስደው መንገድ ዳር፣ አንድ ላፕቶፕና ሁለት ማተሚያ ያላት ጠባብ የማስታወቂያ ሥራ ቤት አለችኝ። የማኅበር ማህተም፣ ባጃጅ ላይ የሚለጠፍ ስቲከር፣ የእግር ኳስ ቡድን አርማ፣ ሰው የሚያዘኝ ነገር ዞሮ ዞሮ ክብ ነው። በተለይ ያቺን ኢላማ የምትመስለውን፣ ክብ በክብ ውስጥ፣ ቀይ ነጭ ቀይ ሆና መሃሏ ላይ አንድ ነገር የሚቀመጥባትን ምልክት ዓይኔን ጨፍኜ እሠራታለሁ። በምስል ማቀናበሪያው ፕሮግራም ላይ የሺፍትን ቁልፍ ተጭኜ ክቡን እስባለሁ፣ እገለብጠዋለሁ፣ አሳንሰዋለሁ፣ መሃል ለመሃል አስተካክለዋለሁ። ደንበኛው ያዘዝኩለትን ሻይ ሳይጨርስ ሥራው ያልቃል። እንዲህ ስል ጉራ እንደሚመስልብኝ አውቃለሁ። ጉራም ነው። ጉራዬን ያስተነፈሰው የአባቴ ስልክ ነው።

አባቴ ከሸዋ ቤንች ወጣ ብሎ፣ ከቡናውና ከቀፎዎቹ ጋር ብቻውን ይኖር ነበር። እናቴ ከሞተች ወዲህ ማለቴ ነው። ዓይኑ መድከም የጀመረው ግን ከዚያ በፊት ነው። ሐኪም ጋ ወስደነው፣ ሕመሙ ከዓይኑ ጀርባ መሆኑንና መነጽር እንደማይመልሰው ነገሩን። እኔና ወንድሜ ከዚያ በላይ አልጠየቅንም። "ዓይኑ ደክሟል" የሚለውን ቃል ይዘን ወጣን፣ ለዘመድም ለጎረቤትም እሱኑ አዳረስን። እሱ ራሱ ስለ ዓይኑ አንድም ቀን አማርሮ አያውቅም። ቡናውን እንኳ በጣቱ እየዳሰሰ፣ የበሰለውን በልስላሴው እየለየ ይለቅም ነበር።

ስልኩ ቁጥሮቹ የተፋቁ የቁልፍ ስልክ ነበር። ፊደል ስላልቆጠረ ስም ፈልጎ አይደውልም። የሱ ዘዴ ሌላ ነው፤ አረንጓዴዋን ቁልፍ ሁለት ጊዜ ይጫናል፣ ስልኩ መጨረሻ ወደተነጋገረው ሰው ይሄድለታል። ጠዋት ጠዋት የምደውልለት እኔ ስለሆንኩ መጨረሻው ሰው ሁልጊዜ እኔ ነኝ። ቢያንስ እኛ እንደዚያ እናስብ ነበር።

በቡና ለቀማ ሰሞን አንድ ጠዋት ወደ ወንዙ ሲወርድ አዳለጠውና ቁርጭምጭሚቱ ዞረ። መነሳት አቃተው። አረንጓዴዋን ሁለት ጊዜ ተጫነ። ስልኩን ያነሳው ግን ከእኔ በኋላ የደወለ የቴፒ ቡና ነጋዴ ሆነ። ኔትወርኩ ይቆራረጣል። አባቴ "ኧረ ድረሱልኝ" ይላል፣ ሰውዬው ደግሞ ዋጋ ሊከራከር የደወለ መስሎት "አባቴ፣ እሱ የመጨረሻው ነው" ብሎ ይዘጋል። እንደገና ሲደውል እንደገና ዘጋበት። ጎረቤታችን እንስራዋን ይዛ ወንዝ ስትወርድ እስክታገኘው ድረስ ግማሽ ቀን እዚያው ተቀመጠ። ይህን ሲተርክልን እየሳቀ ነው፤ የነጋዴውን ድምፅ ሳይቀር እያስመሰለ። እኔም ሳቅሁ። ወንድሜ ግን አልሳቀም።

ወንድሜ ቴፒ መምህር ነው። ታላቄ ስለሆነ ጋሼ ነው የምለው። እሱ አንድ ነገር ከወሰነ በጠመኔ እንደጻፈው ዓይነት ነው፣ ማንም አያጠፋውም። "ትምህርት ቤት ሲዘጋ መኪና ይዤ መጥቼ እወስደዋለሁ፣ አለቀ" አለ። አባቴ "ከዚህ የትም አልሄድም" አለና፣ ሲናደድ አማርኛው ስለሚጠፋው የቀረውን በቤንችኛ ጨረሰው። ረጅም ንግግር ነበር። ጋሼ አንገቱን ደፍቶ አዳመጠ፣ ሐሳቡን ግን አልለወጠም።

እኔ መሃል ገባሁ። "ራሱ መደወል ቢችልስ?" አልኩ።

"ከቻለማ ይሞክር። እኔ ፊት፣ ማንም ሳያግዘው፣ እኔን፣ አንቺንና ጎረቤታችንን ለይቶ ይደውል። ያን ቀን አፌን እዘጋለሁ። ካልቻለ ግን እቃውን ታዘጋጂለታለሽ" አለ ጋሼ።

ሦስት ሳምንት ነበረኝ። ነገሩ ለእኔ የስልክ ጉዳይ ብቻ አልነበረም። አባቴ ቴፒ ሄዶ በጋሼ ቤት በረንዳ ላይ ወንበር ይዞ ሲውል በዓይነ ሕሊናዬ አየሁት። ያ ሰው ከዛፎቹ ተለይቶ ውሎ አያውቅም።

መስታወቱ ሰፊ የሆነ ተች ስልክ ገዛሁ። ሐሳቤ ቀላል ነበር፤ የስልኩን ፊት ባዶ አድርጎ ሦስት ትልልቅ ክቦች ብቻ መደርደር። አንዱን ሲነካ እኔ ጋ፣ ሌላውን ሲነካ ጋሼ ጋ፣ ሦስተኛውን ሲነካ ጎረቤታችን ጋ ይደውላል። አራት ቀን ሠራሁባቸው። ለእያንዳንዱ ቀለበት የራሱን ሌየር፣ የራሱን ንብርብር ገጽ ሰጠሁት፣ ቀዩ ከነጩ በሚገናኝበት ላይ ስስ ጥላ ጣልኩበት። መሃላቸው ላይ ለእኔ ኮከብ፣ ለጋሼ መጽሐፍ፣ ለጎረቤታችን ጎጆ አስቀመጥኩ። ኢላማ ማለት መሃሉ ነው። ዓይን በቀለበቶቹ ላይ ተንሸራቶ መሃል ላይ ያርፋል፣ ስለዚህ ማለት የምትፈልገውን ሁሉ እዚያ ታስቀምጣለህ። የተማርኩት ይህንኑ ነው፣ ሰውም የሚከፍለኝ ለዚህ ነው። ሥራ ቤቴ የገባ ሁሉ እያየ አደነቀልኝ፣ ልቤም ቅቤ ጠጣ።

ቅዳሜ ጠዋት በሚኒባስ ወጣሁ። አባቴ ደጃፉ ላይ፣ እግሩን በጨርቅ ጠቅልሎ፣ ዱላውን ተደግፎ ተቀምጧል። ሳምኩት። እንደ ልማዱ ፊቱን ዞር አደረገ።

ይህን ልናገር። እናቴ ከሞተች ወዲህ አባቴ ዓይኔን አያይም ነበር። ሲያወራኝ ከጎኔ ያለውን የእንሰት ተክል የሚያይ ይመስላል። እናቴ ያረፈች ዕለት አልደረስኩም። "ታማለች፣ ነይ" ሲሉኝ የሠርግ ካርድ ጀምሬ ስለነበር "ነገ ጠዋት" አልኩ። በነጋታው ስደርስ አልቆ ነበር። አባቴ አንድም ቃል አልተናገረኝም፤ ከዚያ ጊዜ ጀምሮ ግን ዓይኑን ከእኔ ላይ አነሳ። ቂም መሆኑን አልተጠራጠርኩም። ይገባኛልም ብዬ ተቀብየው ነበር።

ስልኩን ሰጠሁት። "ኮከቧ እኔ ነኝ፣ መጽሐፉ ጋሼ ነው፣ ጎጆዋ ጎረቤታችን ናት። በል ጋሼ ጋ ደውል" አልኩት።

ስልኩን አቀረበው፣ አራቀው፣ ወደ ጎን ወሰደው። ከዚያ ነካ። የእኔ ስልክ ጮኸ። እንደገና ሞከረ፣ ጎረቤታችን አነሳች። ሦስተኛም ሞከረ፣ አሁንም እኔ።

"ሦስቱም አንድ ናቸው" አለኝ።

"እንዴት አንድ ይሆናሉ አባዬ? ኮከብና ጎጆ አንድ ነው?"

"እኔ ኮከብም ጎጆም አላየሁም። ቀይ ክብ ነው ያየሁት።"

ላፕቶፔን ይዤ ስለነበር እዚያው ደጃፍ ላይ ተቀምጬ ኮከቧን አገዘፍኳት። አልሆነም። ወርቃማ አደረግኋት። አልሆነም። ጎጆዋን አረንጓዴ ቀባኋት፣ መጽሐፉን አወፈርኩት። በየመሃሉ ስሞክረው አባቴ ስልኩን ትቶ ማዶ ማዶ ያያል። ቆሽቴ አረረ።

"ስልኩን እየው እንጂ!" አልኩ። "እኔንም እየኝ! ስነግርህ እንኳ ማየት ትተሃል እኮ። ዝም ብሎ እልህ ነው። እንዲህ ከሆነ ጋሼ ጋ ብትሄድ ይሻልሃል።"

 ስልኩን የሰው ዕቃ እንደሚመልስ ሰው በሁለት እጁ አድርጎ ሰጠኝ። ዕድሜዬን ሙሉ አባቴ ላይ ጮሄ አላውቅም ነበር። 

እሱ ግን ዱላውን ይዞ ተነሳ። "ቀፎ ልይ። ነይ" አለኝ።

ከኋላው ተከተልኩት። እግሩ ቢያነክስም መንገዱን አይስትም፤ ሥሩንም ድንጋዩንም እያለፈ በቡናው ውስጥ አልፈን ጫካው ዳር ደረስን። እዚያ ካለው ትልቅ ዛፍ ላይ የብዙ ቤተሰብ ቀፎ ተሰቅሏል። አባቴ ቆመና አንገቱን ዘንበል አድርጎ፣ ዛፉን ትቶ ከዛፉ ጎን ያለውን ሰማይ የሚያይ መሰለ።

"የአንቺ ቀፎ ንብ ገብቶበታል" አለ።

ቀና አልኩ። የረዘመ ግንድ የመሰሉ ስድስት ሰባት ቀፎዎች፣ የክብ ክዳናቸው ፊት ወደ እኛ ዞሯል። ሁሉም መሃላቸው ላይ ንቧ የምትገባበት ቀዳዳ አላቸው። አንዱ ላይ እውነትም ንቦች ይርመሰመሳሉ።

"የኔ መሆኑን በምን አወቅህ?"

"ጠርዙ ሁለት ቦታ ተሸርፏል።"

ሲነግረኝ ትዝ አለኝ። በእኛ ቤት ልጅ ሲወለድ አባቴ ቀፎ ይቦረቡርለታል። ቀፎው ዛፍ ላይ ሲወጣ ከሌላው ሰው ቀፎ እንዳይምታታ የክዳኑን ጠርዝ በመጥረቢያ ጫፍ ይሸርፈዋል፤ ለበኩሩ አንድ ቦታ፣ ለሁለተኛዋ ሁለት ቦታ። መሃሉ የንቧ በር ስለሆነ አይነካም። ልጅ ሆነን እኔና ጋሼ ዛፉ ሥር ቆመን "ያ የኔ ነው፣ ያ ያንተ ነው" እያልን እንከራከር ነበር። ከዚያ ከተማ ገባሁና ረሳሁት።

"ቆይ አባዬ፣ ያን ሽርፍ ከዚህ ሆነህ ታየዋለህ?"

"ጠርዝ ላይ ነዋ። ጠርዝ ጠርዙን አያለሁ። የሚጠፋብኝ መሃሉ ነው።"

"መሃሉ ይጠፋል ማለት?"

"አንድ ነገር ቀጥ ብዬ ሳየው ጭስ ይሸፍነዋል። ዞር ስል ዳር ዳሩ ይመጣል። ያ ስልክሽም እንደዚያው ነው፤ ክቡ አለ፣ ውስጡ የለም።"

 የምጠይቀውን ጥያቄ ፈራሁት፣ ግን ጠየቅሁ። "እኔንስ ስታየኝ?"

"ቀጥ ብዬ ካየሁሽ ፊት የለሽም። ስለዚህ ጆሮሽን አያለሁ። ጆሮሽን ሳይ ፊትሽ ከጎን ይመጣልኛል።" ቀጥሎም "እናትሽንም በመጨረሻ ያየኋት በጆሮዋ በኩል ነው" አለ።

"ለምን አልነገርከንም?"

"ዓይኑ ደክሟል እያላችሁ ለሰው ስትነግሩ እሰማ ነበር። የምታውቁ መሰለኝ።"

እዚያ ዛፍ ሥር ስቅስቅ ብዬ አለቀስኩ። ያን ሁሉ ጊዜ ቂም ይዞብኛል ስል እሱ ለካ ሊያየኝ እየታገለ ኖሯል። በጮህኩበት ሰዓት እንኳ፣ ያ የእንሰቱን ተክል የሚያይ ዓይን እኔን ይፈልግ ነበር። አባቴ የማለቅስበትን ምክንያት አላወቀም። ንብ የነደፈኝ መስሎት "የት ጋ ነው? አትከኪው" እያለ ክንዴን ይዳብሰኝ ጀመር። እያለቀስኩ ሳቅሁ።

ቤት ተመልሰን ላፕቶፑን ከፈትኩ። ኮከቧን፣ መጽሐፉን፣ ጎጆዋን አጠፋኋቸው። ጥላውንም፣ ቀዩንም፣ ነጩንም። አራት ቀን የደከምኩበትን በአንድ ደቂቃ ስደመስሰው ትንሽ እንኳ አለማዘኔ ለራሴም ገረመኝ። ቢጫ መደብ ላይ አንድ ወፍራም ጥቁር ቀለበት አስቀመጥኩና መሃሉን ባዶ ተውኩት። ከዚያ መደምሰሻውን ይዤ ጠርዙን መሸረፍ ጀመርኩ። አባቴ አጠገቤ ተቀምጦ፣ ፊቱን ወደ በሩ አዙሮ፣ አለቃ ሆነብኝ።

"ጠባብ ነው፣ አስፊው።"

አሰፋሁት።

"ሁለቱ ተቀራርበዋል። እኔ ስሸርፍ እንዲህ አላቀራርብም። አንዱን ወደዚህ፣ አንዱን ወደዚያ።"

አራቅኋቸው። ለጋሼ አንድ ሽርፍ፣ ለእኔ ሁለት። ለጎረቤታችን ሦስት ላደርግ ስል ከለከለኝ። "እሷ ቀፎ የላት፣ ምን ብለሽ ትሸርፊዋለሽ? የሷ ምንም አይነካ" አለ። እውነቱን ነው። የሷ ሙሉ ክብ ሆነ። ስልኩ ላይ ጫንኳቸውና ሰጠሁት። ፊቱን ዘንበል አድርጎ አየና "ይቺ አንቺ ነሽ" ብሎ ጣቱን አሳረፈ። ኪሴ ውስጥ ያለው ስልክ ጮኸ። አጠገቤ ተቀምጦ ሳለ አንስቼ "አቤት አባዬ" አልኩት፣ እሱም በስልኩ ውስጥ "በይ ዝጊው፣ ሂሳብ አታባክኚ" አለኝ።

ጋሼ በቀጠሮው መኪና ይዞ መጣ። ባዶ ጆንያና ገመድ ሳይቀር ይዟል። አባቴ በበኩሉ ንጹሕ ሸሚዝ ለብሶ እንደ ተፈታኝ ጠበቀው። ጋሼ አስተማሪነቱ አይለቀው፣ እጁን ወደ ኋላ አድርጎ ቆመና "በል እኔ ጋ" አለ። ደወለለት። "እሷ ጋ።" ደወለልኝ። "ጎረቤታችን ጋ።" አባቴ ደወለ፣ ማንም አላነሳም። ጋሼ ቅንድቡን አነሳ። ሴትዮዋ ግን ፈተናውን ለማየት ስልኳን ቤቷ ትታ መጥታ ከኋላችን ቆማ ኖሯል። ሁላችንም ዝም ስንል ከአጥሩ ማዶ ጥሪው ይሰማል። "የኔ ነው! የኔ ነው!" ብላ እልል አለች።

ጋሼ ስልኩን ከአባቴ ተቀብሎ ረጅም ጊዜ አየው። አንድ ቦታ የተሸረፈውን ክብ በአውራ ጣቱ ዳሰሰ። "ይሄ የቀፎዬ ክዳን ነው" አለ። ጆንያውንና ገመዱን መልሶ መኪናው ላይ ጣለና ቡና ለመልቀም የሸሚዙን እጅጌ ሰበሰበ።

አባቴ ሁለት የቡና ለቀማ ወቅት እዚያው ከረመ። በየጠዋቱ፣ ቀፎውንና ቡናውን ዞሮ ሲመለስ፣ ሁለት ቦታ የተሸረፈውን ክብ ይነካል። "ደህና ነኝ" ይላል። "ደህና አደርክ" እላለሁ። ይዘጋል። ከዚያ ያለፈ ወሬ አልነበረንም፤ ለእኔ ግን ቀኑ የሚጀምረው ከዚያ በኋላ ነው።

አንድ ጠዋት ጥሪው ዘገየ። ልደውል ስል ደወለ።

"ዛሬ ሽርፉን ፈልጌ አጣሁት" አለ። "ዳሩም ጭስ ሆኗል። በግምት ነው የነካሁት። መጀመሪያ ወንድምሽን አገኘሁ፣ ዘጋሁበት።"

"ለምን ዘጋህበት?"

"ቀድሜ ላንቺ ልናገር ብዬ ነው።" ከበስተኋላው ወፎች ይሰሙኛል። "ነይ ውሰጂኝ።"

ጫማዬን ፍለጋ ተነሳሁ። እሱም ገባው መሰለኝ። "ሰው ሳይወስንልኝ ራሴ ደውዬ እንድልሽ ነበር የምፈልገው" አለ። "አልኩ በቃ።"

ከቤቱ ይዞ የመጣው ልብሱን፣ ዱላውንና አንድ የቀፎ ክዳን ነው። የእኔን። ከሥራ ቤቴ ጀርባ ያለችውን ክፍል ሰጠሁት። ስልኩን ግን እንዳይተወው ብዬ፣ ለባጃጅ ከምንለጥፈው ወፈር ያለ ስቲከር ላይ ቀለበት ቆረጥኩ፣ ሁለት ቦታ ሸረፍኩት፣ መስታወቱ ላይ ልክ ክቡ ካለበት ላይ ለጠፍኩት። ጣቱን በጠርዙ ላይ አዙሮ አዙሮ "እሺ" አለ።

ባለፈው ሳምንት ለአንድ የቡና አምራቾች ማኅበር ማህተም እየሠራሁ፣ መሃል ለመሃል አልገጥም ብሎኝ ስነጫነጭ ስልኬ ጮኸ። አባቴ ነው። ደንበኛው ፊቴ ቆሟል።

"አቤት አባዬ።"

"ደህና ነኝ" አለኝ። ድምፁ በአንድ ጆሮዬ ከስልኩ፣ በሌላው ከግድግዳው ማዶ መጣ።

ደንበኛውን "አንዴ ይጠብቁኝ" ብዬ የኋላውን በር ከፈትኩ። ስልኩን ጆሮው ላይ እንደያዘ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጧል፣ ክዳኑ ጭኑ ላይ ነው። በሩ ሲከፈት ሰምቶ ፊቱን ዘንበል አደረገና፣ ከእኔ ትንሽ ራቅ ብሎ፣ ወደ ጆሮዬ በኩል አየ።